ድንጋይ ቤት ሠርቶ ቆጣሪው ያበደበት የሳቢያን ሰው

በኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነበብኩትን ክር፣ አንዱ የሚጽፍበትንና ሌሎቹ ተራ በተራ የሚመልሱበትን ውይይት፣ የከፈተው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለው። አንዱ እሱና ቤተሰቡ የሚኖሩበት አሮጌ የብሎኬት ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፤ ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ሲገቡበት ምድጃ ነው። ሁለተኛውን ለኪራይ ብሎ በቅርቡ ነው ያሠራው። እሱ ላይ አልሰሰተም። ግድግዳው ግማሽ ሜትር የሚሞላ ድንጋይ ነው። መስኮቶቹ ነፋስ እንዲያሳልፉ ፊት ለፊት ተያይተዋል። ከጣሪያው ሥር የሞቀ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በረንዳው ሰፊ ነው። ንድፉን ያወጣለት ባለሙያ ይህ ቤት ኤሲ እንደማያስፈልገው ነግሮት ነበር።

ተከራዮቹ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ኤሲ አስገጠሙ። አሁን የአዲሱ ቤት የመብራት ሂሳብ ከአሮጌው እጥፍ ያልፋል። ሰውዬው ከዚህ ተነስቶ ደመደመ፤ ድሬ ላይ ለአየሩ የሚስማማ ቤት መሥራት ገንዘብ መበተን ነው፤ ሰዉ ቤቱን እንደታሰበው አይኖርበትምና። ከዚያ ተከራዮቹን ቁጭ አድርጎ ያስተምራቸው ወይስ ቤቱን ያፍርሰው ብሎ ጠየቀ። ማፍረሱ እንኳ የምሬት ነው።

1ኛው መልስ የጨዋ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረና ሦስት ነገር ጠየቀ፤ መስኮቶቹ ወዴት እንደሚዞሩ፣ ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ፣ ማታ መስኮት የሚከፍተው ማን እንደሆነ። ለሦስተኛው ምክንያቱንም ጨመረ። ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሊተኛ ሲል፣ ወደ ውስጥ ይለቃል። ሌሊት ተከፍቶ ካልተናፈሰ ሙቀቱን እንደያዘ ያነጋል። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ካልተዘጋ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ያመልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት በየቀኑ ሁለቴ የሚነካው ሰው ይፈልጋል።

2ኛው ኮንትራክተር ነኝ ባይ ነው። ይህ ሰው በክሩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ልብ በሉት። ድንጋዩ የተጣለ ገንዘብ ነው አለ። ባለ 20 ብሎኬት፣ ጥሩ ኮርኒስ፣ አንድ ኤሲ፤ አለቀ። የድንጋይ ቤት ለቱሪስት ፎቶ ካልሆነ ለተከራይ አይሆንም ብሎ ዘጋው።

3ኛዋ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል አመጣችው። እሷ ራሷ ተከራይ ናት። ምድር ቤት የሚኖር ሰው ድሬ ላይ መስኮት ከፍቶ እንደማይተኛ ጻፈች፤ ለዚህም ትምህርት ስለጎደለው አይደለም። ጎረቤቷ ጭንቅላቱ አጠገብ ያስቀመጠው ስልክ ጫፉ ላይ ሽቦ በታሰረበት ዱላ ተጎትቶ በመስኮት ወጥቷል። ሌባው ቢቀር ትንኙ አለ። ስለዚህ መስኮቶቹ የቶንዲኖ ፍርግርግ እና የትንኝ ወንፊት እንዳላቸው ጠየቀችው። የሰውዬውን መልስ ሳትጠብቅ ከሌላቸው መስኮት አትበላቸው፣ ግድግዳ ናቸው ብላ ጨረሰች። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እውነቷን ነው።

4ኛው የጤና ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም፤ አጻጻፉ የሪፖርት ነው። 3ኛዋን ደግፎ ትንኙን ቀላል አድርጎ ማየት እንደማይገባ አስረዳ። በ2006 ዓ.ም. ድሬ ላይ ዴንጊ ገባ። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለው። በ2014 ደግሞ ወባ ተነሳ፤ ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋ ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ቀን ትናከሳለች። ሁለቱንም ዓይነት የሚያመሳስላቸው ግን በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ መራባታቸው ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰዉ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶ ያጠራቅማል። ክዳኑ ተሰብሮ የሚቀረው ሮቶ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጣሪያ ላይ፣ መሰላል ሳያቀርቡ በማይደረስበት ቦታ። ቤት የሚነድፍ ሰው ሮቶውን ሰው በቀላሉ ደርሶ ሊከድነው በሚችል ቦታ ቢያስቀምጠው ከብዙ ስብከት ይሻላል ሲል አሳረገ። ለእኔ ከክሩ ጠንካራ መልሶች አንዱ ይህ ነው። ማንም መልስ አልሰጠበትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በ5ኛው ባለቤቱ ተመለሰ። ፍርግርጉ እንዳለ፣ ወንፊቱ ግን እንደሌለ አመነ። ባለሙያው ወንፊት ነፋስ ይቀንሳል ብሎ ነበር ያስቀረው። በ6ኛው መልስ 3ኛዋ ተመልሳ፣ ነፋስ የሚቀንስ ከሆነ መስኮቱን በዚያው ልክ ማስፋት እንጂ ወንፊቱን መተው መፍትሔ እንዳልሆነ ነገረችው። ወንፊት በእርግጥ ነፋስ ይቀንሳል። ግን የተዘጋ መስኮት ጨርሶ አያሳልፍም።

7ኛው የአርክቴክቸር ተማሪ ነው፤ የድሬ ልጅ ሆኖ ሌላ ከተማ የሚማር። መልሱ ረጅም ነው፤ አንዳንዱን ዘልዬ ቁም ነገሩን ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር፣ ሮበርት ሶኮሎው የሚመራቸው የፕሪንስተን ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ቤቶችን ለዓመታት ተከታተሉ። ቤቶቹ በፕላንም በመጠንም በግድግዳም አንድ ናቸው። ለማሞቂያ የሚያቃጥሉት ጋዝ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ከእጥፍ በላይ ይለያያል። የባሰው ደግሞ ነዋሪው ሲለቅና ሌላ ሲገባ የቤቱ ፍጆታም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የሳቢያኑ ሰው ያየው ነገር አዲስ አይደለም፤ ልዩነቱ ሰዎቹ ዘንድ ነው። ከዚህ በመነሳት ሁለቱን ሂሳቦች በየወሩ ግቢው በር ላይ እንዲለጥፋቸው መከረው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ራሱን ሲያወዳድር ይቆጥባልና።

8ኛው ኮንትራክተራችን ነው። አቦ፣ ምን ዓይነት ምክር ነው ዓይነት ነገር ጻፈ። ኒው ጀርሲ በረዶ የሚጥልበት አገር ነው፤ ማሞቂያ እና ድሬ ምን አገናኛቸው? ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ልስን ሲደርቅ ቆሞ አይቶ እንደማያውቅም ጨመረበት። ክሩ የከረረው እዚህ ጋ ነው።

9ኛው የተማሪው መልስ ነው። ተቆጥቷል፤ ግን አልተሳደበም። ነገሩ የሙቀትና የብርድ ሳይሆን የሰው ነው ብሎ ደገመና በራሱ ምክር ላይ እርማት አመጣ። ሂሳብ መለጠፍ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ሳን ማርኮስ በምትባል ከተማ የተሠራ፣ ብዙ የሚያባክኑት ከጎረቤት ጋር ሲወዳደሩ እንደቀነሱ፣ በቁጠባ የሚኖሩት ግን ከሌላው በታች መሆናቸውን ሲያውቁ እንደጨመሩ አሳይቷል። ከቁጥሩ አጠገብ የፈገግታ ምስል ሲደረግ ነው ቆጣቢዎቹ ባሉበት የቆዩት። ስለዚህ የሳቢያኑ ሰው ሂሳቡን ከለጠፈ የሚዘናጋው የራሱ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

10ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። የተከራዮቹን መብራት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ሰውዬው በ11ኛው መለሰ። መብራቱን ከኪራዩ ጋር አጠቃልሎ ነው ያከራየው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ መተረክ አያስፈልግም። ለእኔ የክሩ አንጓ ይህ ነው። ሰው ስለ ድንጋይ ውፍረት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ኒው ጀርሲ ሲከራከር ዋለ፤ ኤሲውን የሚያበራው አይከፍልም፣ የሚከፍለው አያበራም። እንዲህ ያለ ውል ይዞ የትኛውም ቤት አይቆጥብም። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም የሚጨምር ነው።

12ኛው ግን ነገሩን እዚያ ላይ መዝጋት ልክ አይደለም አለ፤ ይህም የተማሪው ነው። የባለቤቱ አሮጌ ቤት ትንሽ የሚፈጀው ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ቤተሰቡ ሙቀቱን ስለሚችለው ነው። አባወራው ስለሚከፍል ልጆቹ ቬንትሌተር ሳያጠፉ ከክፍል ሲወጡ ይጮህባቸዋል። ጀርመን አገር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ሰዎች በአሮጌ ቤቶቻቸው በስሌት ከሚጠበቀው በአማካይ 30 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል እንደሚጠቀሙ አግኝቷል። መጥፎ ቤት የሚኖር ሰው ይቆጥባል፤ ግማሹን ክፍል ይተወዋል፣ ብርዱን ወይም ሙቀቱን ይችለዋል። ስለዚህ አሮጌውን ቤት መለኪያ ማድረግ አያስኬድም። እንግሊዛዊው ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል የጻፈውን እንኳ ጠቀሰ፤ የእንፋሎት ሞተሩ ቆጣቢ ሲሆን ከሰሉ የባሰ ተፈለገ። ቆጣቢ ኤሲ የገዛ ሰውም ቆጣቢ ነው እያለ ቀኑን ሙሉ ያበራዋል። ኮንትራክተሩ እዚህ ላይ ዝም አለ።

13ኛዋ ከሐረር፣ በግንብ ከታጠረው አሮጌ ከተማ ከጁገል ውስጥ የጻፈች ናት። እስከዚያ ድረስ የሐረር ሰው ዝም ማለቱ ራሱ ይገርማል። ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት በሰው አቀማመጥ የተነደፈ መሆኑን አስረዳች። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደብ መቀመጫዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ በሩን ያያል። ወንበር የለም፣ ቁም ሳጥን የለም፤ ዕቃው ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ መደርደሪያ ይገባል፣ ስፌቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ትንሽ መስኮት፣ ውስጥ ያለ ግቢ። ሴቶቹ ሥራቸውን ግቢው ውስጥ ይሠራሉ፤ ሳሎኑ የእንግዳና የምሽት ነው። ቤቱን ሠርቶ ሰው ኑርበት ያለው የለም፤ ኑሮው ቀድሞ ነበር፣ ቤቱ ተከተለው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ የሠፈረው ለማማሩ ብቻ እንዳልሆነም አልሸሸገችም።

14ኛው በትሕትና አረማት። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ሐረር ሌሊት ጋቢ ያስፈልጋል፤ ድሬ በግንቦት አንሶላም ይበዛል። ትንሽ መስኮት ሐረር ይሠራል፤ ድሬ ላይ ያፍናል።

15ኛው የሐረር ልጅ ነው፣ ግን ከ13ኛዋ ጋር አልወገነም። የድሮው ጣሪያ አፈር ነበር፤ በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ። ያ ጣሪያ ከክረምት በፊት ካልተደለደለ ያፈሳል። ድልደላው የቤተሰብ ሥራ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ ወንዶቹ ሥራ ወጡ፣ የሚወጣበት ሰው ጠፋ፤ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮው ያሞቃል፣ በዝናብ ጊዜ ሰው አያነጋግርም። ግን አንዴ ከተመታ ማንም አይነካውም። አያቱ ስለ አፈር ጣሪያ ቅዝቃዜ እያወሩ ቆርቆሮ ያስመቱት ራሳቸው ናቸው ብሎ ጻፈ።

ከ16 እስከ 21 ያለው የድሬና የሐረር የተለመደ ነገር ነው። ውሃው የማን ነው የሚል ተነሳ። ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ዘመን ሐረር ውሃ ከድሬ በኩል ተስቦ እንደመጣላት አንዱ አስታወሰ፤ ሌላው ተናደደ። ከዚያ ሆጃ የሚባለው መጠጥ ነገር መጣ፣ ከዚያ የአንዱ ሰርግ። 19ኛው ሰው ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት ስለሠሩ ዘመዶቹ አነሳ፤ በ1998ቱ ጎርፍ ያ ሰፈር ያየውን ሁሉም ያውቃል፤ ሰዉ ግን ደረቅ አሸዋ ሲያይ ወንዝ መሆኑን ይረሳል። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይወጣው ነበር። ማንም አልቀጠለውም።

22ኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ክሩ ጨዋ ሆነ፤ ሁሉም አባባ እያለ ይመልስላቸው ጀመር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ስለተቆረቆረው የድሬ ሰፈር፣ ስለ ከዚራ ጻፉ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ቤቱን የሚዞር፣ መስኮቱ ላይ ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ፣ መንገዱ ላይ ዛፍ። ቀይ አበባ የሚያፈሰው የድሬዳዋ ዛፍም፣ ኒሙም። ዋናው ነገራቸው ግን ሰዓት ነው። ድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ ትገባለች። ሰዉ ሽርጡን ያገለድማል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ፀሐይ ስትሰበር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ መሆን አይጠበቅበትም፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ይበቃል። ማምሻውን ሰዉ ግቢ ነው፤ ውሃ ይረጫል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል። በሞቃቱ ወራት ፍራሽና አጎበር አውጥቶ እዚያው የሚያድር ነበር። ዛሬ የቢሮ ሰዓት ሲለወጥ፣ ሰው ቀትር ላይ ቤት ሳይገባ ሲውል፣ ግቢው በኪራይ ክፍል ሲሞላ፣ ቤቱ ለሌላ ሰዓት መሠራት አለበት።

እኔ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የቤት ንድፍ ስንል ግድግዳ እናስባለን፤ እሳቸው የሰዓት ሰንጠረዥ ነው ያመጡት። ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚያስብ።

23ኛው ግን አልራራላቸውም። የከዚራን መዝጊያ ጠዋት የሚዘጋውና ማታ የሚከፍተው ማን ነበር ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ። ዘበኛና የቤት ሠራተኛ። ግቢ የሚረጨውም፣ ምንጣፍ የሚያነጥፈውም እነሱ ናቸው። ያ ቤት ያለ ኤሲ የኖረው በሰው ጉልበት ነው እንጂ በአርክቴክቱ ብልሃት ብቻ አይደለም። ዛሬ ባልም ሚስትም ሥራ በሚውሉበት ቤት ያን ንድፍ መገልበጥ ሠራተኛውን ሳይቀጥሩ ቤቱን መቅጠር ነው። አባባን እንዲህ መናገር ይከብዳል። እውነት ግን ነው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ አንድ የነበራቸውን ዘበኛ መልካምነት አንስተው አለፉ።

24ኛዋ መጣችና ሁሉንም አንድ ላይ ገሠፀች። እስከዚያ ድረስ የጻፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እሷም ይህን አላለፈችውም። ስለ ግድግዳ ይህን ያህል ስታወሩ አንድ ሰው ምጣድ አላነሳም አለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የጣሪያ ቬንትሌተር 75 ዋት ቢስብ ነው። ምጣዱ ቤት ውስጥ ሲጣድ ያ ሁሉ ሙቀት ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ባልየው መጥቶ ኤሲ ይለኩሳል። ወጥ ቤቱን ከቤቱ ለይቶ መሥራት እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ዘመናዊ ፕላን ግን ከሳሎን ጋር አያይዞ ይሠራዋል፣ ምክንያቱም ፎቶው ላይ እንደዚያ ነው። ፕላኑን ሲያወጡ ማን እንደሚጋግር አልጠየቁም። ይህች ሴት የበለጠ መጻፍ አለባት።

25ኛው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነው። ለምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት እሱ ባለበት ግቢ መጋዘን ሆኗል። ሰው ሦስት ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ ወርዶ አይጋግርም። በረንዳ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፤ ጭሱ ላይኛው ቤት ይገባል። ላይኛው መስኮቱን ይዘጋል። አንዷ ከሰል ስታቀጣጥል አምስት መስኮት ይዘጋል ማለት ነው።

26ኛውና 27ኛው በበርጫ ተጣሉ። አንዱ የበርጫ ክፍል ተዘግቶ ሞቅ ማለት አለበት፣ ነፋስ ምርቃና ይሰብራል አለ። ሌላው ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር የሚቀመጥ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ምሎ ተናገረ፤ መስኮት መዝጋቱ የየመን ልማድ ነው አለ። ሁለቱም ለየቤታቸው ልክ ይመስሉኛል። ከንድፍ አንፃር ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰው ለአራት ሰዓት የሚቀመጥበት ክፍል ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ክፍል ወደ ምዕራብ ያዞረ መሐንዲስ ቤቱን ጨርሶ አያውቀውም።

28ኛዋ የቢሮ ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ ኤሲው 18 ዲግሪ ላይ ነው። አለቃው ሙሉ ሱፍ ለብሶ ይገባል። ሴቶቹ መሳቢያ ውስጥ ነጠላና ሹራብ ያስቀምጣሉ፤ እሷ ካልሲ ጭምር አላት። ውጪው 35 ሲሆን ውስጥ እግሯ ይደነዝዛል። በሩ ደግሞ ባለጉዳይ በገባና በወጣ ቁጥር ይከፈታል። ሪሞቱ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዚህ ተማሪው በ29ኛው መለሰ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 ኤሲን 28 ላይ አድርጎ ከረባትን ያስቀረ ዘመቻ ጀመረች፤ ሚኒስትሮቹ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ታዩ። የኤሲው ቁጥር ከልብሱ ጋር ነው የሚሄደው። ደግሞ መስኮቱን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው የበለጠ ሙቀት ይችላል። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተቀብሎታል፤ በመስኮት በሚናፈስ ቤት፣ የውጪው አማካይ 28 ሲሆን፣ ለሰው የሚስማማው 26 ተኩል ግድም ነው፤ እስከ 30 ድረስም አብዛኛው ሰው አያማርርም። ኮንትራክተሩ በ30ኛው ሽርጥ ለብሶ ባንክ መግባት ይፈቀድ ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ግን የተማሪውን ነጥብ ነው ያጠናከረው።

31ኛው ወደ 1ኛው መልስ ተመለሰ። መስኮት ወደ ሰሜን ከዞረ ፀሐይ አያገኘውም የሚል ነው። 32ኛው አረመው፤ ይህን እርማት የድሬ ቤት ሠሪ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ሞቃቶቹ ግንቦትና ሰኔ እዚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሰሜኑም መከለያ ይፈልጋል። ደግነቱ ፀሐይዋ ከራስ በላይ ስለሆነች አንድ ክንድ የወጣ የጣሪያ ጠርዝ ይበቃዋል። የማይቻለው ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ዝቅ ብላ ስትመጣ ጠርዝ አያግዳትም። ዛፍ ወይም ጎረቤት ነው የሚያግዳት። የቤቱ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ አጭሩ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ይሁን። ግን ሰው ቤቱን ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ መንገድ ነው የሚያዞረው፤ የሚታይ ፊት ይፈልጋል።

33ኛው ባለቤቱ ነው፤ ከሄደበት ተመለሰ። ተከራዮቹን ሄዶ አነጋግሯቸዋል። ያገኘውን ሲጽፍ ቃናው ተለውጧል። ከጣሪያው ሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ሁሉንም በካርቶንና በጨርቅ ደፍነዋቸዋል። አንዱ ላይ የሩዝ ከረጢት ተጎዝጉዞበታል። ምክንያቱን ጠየቃቸው። አቧራው አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ግን ጭስ ነው። ሕፃን አላቸው። ጭሱ ከየት ይመጣል ቢላቸው ከሱ ቤት ሆነ። የባለቤቱ ሚስት መብራት በሚጠፋበት ቀን በጓሮው ወጥ ቤት በእንጨት ትጋግራለች፤ ነፋሱ ጭሱን አንስቶ በቀጥታ በቀዳዳዎቹ ያስገባላቸዋል። ንድፉ ነፋስ እንዲያስገባ ተሠርቶ ነበር፤ አስገባ።

34ኛው ኮንትራክተሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው ሰው አይመስልም። በጓሮው ወጥ ቤትና በአዲሱ ቤት መካከል ስንት ሜትር እንዳለ፣ ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚመጣ ጠየቀ። የጭስ መውጫው ከአዲሱ ቤት ጣሪያ ጫፍ በላይ ከፍ እንዲል፣ በላሜራ ቢሠራ እንደሚቀል መከረ። ወንፊቱንም በአልሙኒየም ፍሬም፣ ለማጠብ ተነቅሎ የሚወጣ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ካልተነቀለ የድሬ አቧራ በሁለት ወር ይደፍነዋል። መስኮቱንም ከላይኛው ክፍሉ ብቻ፣ እጅ በማይደርስበት፣ ሌሊት ተከፍቶ የሚያድር እንዲሆን ለሁለት ይከፈል። ድንጋዩን አሁንም አልወደደውም፤ ግን ከተሠራ አይፈርስ አለ።

በ35ኛው ተማሪው መብራቱ ለየብቻ እንዲሆን፣ ኪራዩም በዚያው ልክ እንዲቀንስ መከረ። 36ኛው ኪራይ ሲቀንስ አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ባለቤቱ በ37ኛው ቆጣሪው ሁለት ስለሆነ ውሉን ማስተካከል እንደሚቻል፣ የኪራዩን ነገር ግን ከተከራዮቹ ጋር እንደሚነጋገር ተናገረ። ስለ ቅነሳው ቁርጥ ያለ ነገር አልወጣውም።

24ኛዋ በ38ኛው ተመልሳ መጣች። የጭስ መውጫው ከመሠራቱ በፊት የምትጋግረዋ ሴት ምጣዷን የት ማድረግ እንደምትፈልግ ትጠየቅ አለች። ምናልባት ከጓሮው ጥግ ጀምሮ ሁሉንም ነገር ታዘዋውረው ይሆናል፤ ያኔ ላሜራው ለርግብ ይሆናል። ባለቤቱ ማታ እጠይቃታለሁ ብሎ መለሰ። ከዚያ በታች ያሉት ሁለት መልሶች የሐረር ድንጋይ በመኪና ስንት እንደገባ የሚጠይቁ ናቸው።